ግራ እጇን ያወጣችው ልጅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 14

የማስተማር ልምምድ፣ ሦስተኛ ሳምንት። አራተኛ ክፍል። ስልሳ ሁለት ልጆች፣ የማይዘጋ መስኮት፣ በትከሻ ካልተገፋ የማይከፈት በር። ዛሬ ክፍልፋይ ጀመርን። ሰሌዳው ላይ ክብ ሣልኩ፣ አራት ቦታ ከፈልኩት፣ አንዱን ቀባሁት። ይሄ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። ከኋላ አንዱ "ጎማ ነው" አለ። በቃ። እስከ ደወል ድረስ ሳቁን ማቆም አልቻልኩም።

ጋሼ ከኋላ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። የክፍሉ ባለቤት እሳቸው ናቸው፤ እኔን እንዲያሠለጥኑ ተመድበው ነው። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል። ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። ዳስተሩን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው ሲያስቀምጡ ስልሳ ሁለቱም ጭጭ ይላሉ። እኔ ብወረውረው እንኳ ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም።

ስም አውጥተውልኛል። "ዝምታ"። ቀኑን ሙሉ "ዝምታ፣ ዝምታ" ስል ስለምውል። ኮሪደሩ ላይ አንዷ ለጓደኛዋ "ዝምታ መጣች፣ ግቢ" ስትላት ሰማሁ። ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ።

ጸለይኩ። ረጅም ጸሎት። የጠራኸኝ አንተ ነህ፣ አንተው ድረስልኝ አልኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 16

ድምፄ ተዘጋ። ሰሌዳ ላይ ብቻ እየጻፍኩ አስተማርኩ። ልዩነቱን ያስተዋለ የለም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 25

ገምጋሚዋ ማክሰኞ ትመጣለች። ከኮሌጁ ተደውሎ ተነገረኝ። አንድ ክፍለ ጊዜ ታያለች፣ ቅጽ ትሞላለች፣ ያ ነው የዓመቱ ውጤት። ከወደቅኩ ምረቃ የለም።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ምን ብዬ? የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ ሃያ ዓመት ሆናት። ጣቶቿ ከሳሙናው የተነሳ ተሰነጣጥቀዋል። "አንቺ ደብተር ነው የምትይዢው እንጂ አንሶላ አትይዢም" ትለኛለች፣ እጇን ቅባት ስትቀባ። ቤተ ክርስቲያን እሑድ እሑድ ሕፃናትን ሳስተምር ሃያ ልጆች አፍ አፌን ያዩኛል። እዚያ ነው "አንቺ ለዚህ ነው የተፈጠርሽው" ያሉኝ። እኔም አመንኩ። ታዲያ እነዚህ ስልሳ ሁለቱስ የማን ናቸው? የእግዚአብሔር አይደሉም?

ከስልሳ ሁለቱ ምናልባት አሥሩ ገብቷቸዋል። ሦስተኛው ረድፍ፣ ግድግዳው ጥግ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለች። ትንሽዬ ናት፣ ደብተሯ ላይ ጎበጥ ብላ ነው የምትጽፈው። ነጠላ ሰረዝ ትመስላለች ብለው "ሰረዝ" ይሏታል። ስሙን ወዳዋለች፤ ደብተሯ ሽፋን ላይ ራሷ ጽፋዋለች። ስትጠየቅ ዝም ትላለች፣ ጣሪያውን ታያለች፣ ሌሎቹ ሰልችቷቸው ሌላ ጨዋታ ከጀመሩ በኋላ ትመልሳለች። ብዙ ጊዜ ልክ ናት። ግን ገምጋሚ ፊት ማን ያን ያህል ይጠብቃታል...

ሰኞ፣ ጥቅምት 28

አደረግኩት።

ከልጅነቴ ነው የማውቀው። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ተቆጣጣሪ ሲመጣ መምህራችን ያስተማሩን ነገር ነው። የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን። ሁሉም ያወጣል፣ መምህሩ ከቀኞቹ ይመርጣል፣ እንግዳው ክፍሉ በሙሉ የሚያውቅ ይመስለዋል። ያኔ ግራ ያወጣሁ እኔ ነበርኩ።

ዛሬ ለልጆቹ ነገርኳቸው። የነገውን ጥያቄዎችም ነገርኳቸው። ሦስት ጊዜ ተለማመድነው። ደስ አላቸው፤ እንደ ጨዋታ ያዙት። በአምስት ሳምንት ውስጥ ስልሳ ሁለቱም አብረው ያዳመጡኝ ዛሬ ነው። ጋሼ ጋዜጣውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ከዚያ መልሰው ከፍ አደረጉት።

ሰረዝ መጨረሻ ላይ ተነሥታ ጠየቀችኝ። "ቲቸር፣ ትንሽ የሚያውቅስ የትኛውን ያውጣ?"

ግራ አልኳት።

ውሸት ነው እንዴ? ማንም በአፉ የተናገረው ነገር የለም። እጅ ነው። ደግሞ አንድ ቀን ብቻ ነው... ካለፍኩ በኋላ በደንብ አስተምራቸዋለሁ። ዛሬ ስጸልይ ይህን ጉዳይ አላነሳሁትም። ቶሎ ጨረስኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 29

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ገምጋሚዋ ገባች፣ ከጋሼ አጠገብ ተቀመጠች፣ ቅጿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። አስተማርኩ። ጠየቅኩ። ስልሳ ሁለት እጅ ወጣ። "ቲቸር እኔ፣ ቲቸር እኔ" ... ቀኙን መረጥኩ፣ መለሰ። ሌላ ቀኝ መረጥኩ፣ መለሰች። ሴትየዋ ፈገግ ብላ ትጽፋለች። 

ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ገምጋሚዋ አንድ ጥያቄ እኔ ልጠይቅ ብላ ተነሣች። ሁለት አራተኛና አንድ ሁለተኛ፣ የቱ ይበልጣል አለች። ይህን አልተለማመድነውም። እጆቹ ግን ወጡ፤ ግራ በግራ ሆነ። እሷ ምኑን ታውቃለች። ቅርቧ ያለችውን ጠቆመች። ሰረዝን።

ሰረዝ ተነሣች። የወጣ እጇን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"እኔ እኮ ግራዬን ነው ያወጣሁት።"

ገምጋሚዋ አልገባትም። ግራ ብታወጪስ አለቻት።

"ግራ የማያውቅ ነው። ትንሽ የሚያውቅም ግራ ነው። ቲቸር ናቸው ያሉን።"

 ጋሼ ወለሉን ያያሉ።  አፌ ሳላዘው ተከፈተ። ፈገግ ብዬ... ፈገግ ብዬ ነው ያልኩት።

"አይፍረዱባት። ትንሽ ዘገምተኛ ናት፤ የምትናገረውን አታውቀውም። አንድም ትምህርት አይገባትም።"

ገምጋሚዋ "እ..." ብላ አዝና አየቻት። ጻፈች። ሰረዝ ቁጭ አለች። ስትቀመጥ አጎንብሳ፣ ለራሷ ያህል፣ "እኩል ናቸው" አለች።

ሰማኋት። ከሷ ሁለት እርምጃ ላይ ነበርኩ። ሰማኋትና ወደ ሌላ ልጅ ዞርኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 1

ዘጠና አንድ ከመቶ። "ክፍሉን በሚገባ ትቆጣጠራለች" ይላል።

በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ሰረዝን "ዘገምተኛ" እያሉ ሲጠሯት ሰማሁ። አዲስ ስም አገኙላት። ማን ሰጣቸው? ተቆጣኋቸው። አንዱ ዓይኑን አፍጥጦ "እርስዎ ነዎት እኮ ያሉት" አለኝ። በክፋት አይደለም። እውነት እንደመሰለው ነው።

እሷ ዛሬ ሁለቱንም እጇን ጠረጴዛው ሥር አድርጋ ዋለች።

እሑድ፣ ኅዳር 4

እማዬ ለሰው ሁሉ ነግራለች። በጉባኤው መካከል ተነሥታ ስለ ልጄ ምስጋና አለኝ አለች። ዘጠና አንድ አለች።  ከዚያ እጄን ይዛ አስነሣችኝ። ሁሉም አጨበጨቡ። ሽማግሌዎቹ ባረኩኝ። "አሜን" ማለት ነበረብኝ፤ አልኩ።

ከዚያ ሕፃናቱን ወደማስተምርበት ክፍል ሄድኩ። ሃያ ዓይን... አርባ ዓይን። አፍ አፌን ያያሉ። ሆዴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ። ይኸው ሌላ ውሸት። አሁን እንዲህ በቀላሉ ነው የሚመጣልኝ?

ለመጸለይ ተንበረከክኩ። "ጌታ ሆይ" አልኩ። ቀጥሎ የሚባለው ጠፋኝ። ለብዙ ደቂቃ ወለሉን አየሁ። ስሙን ጠርቶ ዝም ማለት ያስፈራል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ሰረዝ ከሰኞ ጀምሮ አልመጣችም። ዛሬ ጋሼን ጠየቅኳቸው። ርእሰ መምህሩን ጠይቂ አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

ጠየቅኩ። ገምጋሚዋ ለትምህርት ቤቱም አንድ ገጽ አስተያየት ልካ ኖሯል። "ከክፍሉ መምህርት እንደተረዳሁት አንዲት ተማሪ የአእምሮ ዝግመት ስላለባት ወደ ልዩ ክፍል ብትዛወር..." የክፍሉ መምህርት። እኔ ማለት ነው። ርእሰ መምህሩ ሰኞ ጠዋት፣ እኔ ክፍል ሳልገባ፣ ገና ደወል ሳይደወል አባቷን አስጠርቶ ወረቀቱን አነበበለት። አባትየው ወዲያው ተነሣ አለኝ። ወደ ክፍሉ ሄደ፣ ደብተሮቿን ሰበሰበ፣ ልጁን እጇን ይዞ ወጣ። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንዳያስገባት ደግሞ ወረቀቱ ፋይሏ ውስጥ ገብቷል፤ በሄደችበት ይከተላታል።



አንዲት ቃል ናት። ከአፌ ለመውጣት አንድ ሰከንድ አልፈጀባትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

ለጋሼ ነገርኳቸው። ሁሉንም አይተዋል፣ ግን ነገርኳቸው። እናገራለሁ፣ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ጋዜጣውን አጠፉት፣ መልሰው አጠፉት፣ በጣም ትንሽ እስኪሆን ድረስ።

ተይው ልጄ አሉኝ። ውጤቱ ገብቷል፣ የኔም ፊርማ አለበት አሉ። ለካ አስተያየቱ ላይ እሳቸውም ፈርመዋል። ልጅቷ ጤነኛ መሆኗን እያወቁ ለምን ፈረሙ?

"አርባ ዓመት ሙሉ ያልፈረምኩበት ወረቀት መስሎሽ ነው?" አሉኝ።

የተናደዱ መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ሳያቸው ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ተነሥተው ሄዱ። እዚያው የተማሪ ወንበር ላይ ቀረሁ። ዛሬ ያየሁት የራሴን እርጅና ነው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

አባቷ ሰዓት ሠሪ ነው። የት እንደሆነ ከልጆቹ ጠይቄ ሄድኩ። ከቁም ሣጥን በትንሽ የምትበልጥ ሱቅ ናት። ግድግዳው በሙሉ ሰዓት ነው፤ አንዱ ሦስት ይላል፣ አንዱ ዘጠኝ፣ አንዱ ቆሟል። ሰውየው ማጉያ መነጽሩን አንድ ዓይኑ ላይ እንዳደረገ "ምን ልታዘዝ?" አለኝ። ሰረዝ ከኋላው ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጥቃቅን ብሎኖችን በመጠን በመጠን እየለየች ቆርቆሮ ውስጥ ትጨምራለች። አየችኝ። ጎበጥ አለች።

አስተማሪዋ ነኝ አልኩ። ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ያ ነው የገደለኝ። እርስዎ እያለ አከበረኝ። ሳልጠይቀው ራሱ ነገረኝ። ያን ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መጥታ ዘገምተኛ ምን ማለት ነው አለችው። እሱም ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ነው አላት።

"እንግዲያው ቲቸር እውነታቸውን ነው አለችኝ። እኔ ምን አውቄ... ሰኞ ወረቀቱ ሲነበብልኝ ነው የገባኝ። እናቷ ብትኖር ኖሮ እሷ ቀድማ ታውቅ ነበር።"

አላስጨረስኩትም። ሁሉንም ነገርኩት። ስለ እጁ፣ ስለ ቀኝና ግራው፣ ስለ ዘጠና አንዱ። ልጅዎ የተናገረችው እውነት ነበር፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። "እኩል ናቸው" ማለቷንም ነገርኩት። ማጉያውን ከዓይኑ አወጣው።  ሰዓቶቹ ብቻ ይሰማሉ። ከዚያ "አንቺ" አለኝ። እርስዎነቱ ቀረ።

"አንቺ ይህን ለእኔ ነግረሽኝ ምን ላድርገው? እኔ ልጄን አውቃታለሁ። ለጻፉት ሰዎች ንገሪያቸው።"

ሰረዝን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ይቅርታ እንኳ ሳልላት ወጣሁ። ፈሪ።

እሑድ፣ ኅዳር 11

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም።

ሰኞ፣ ኅዳር 12

የኮሌጁ ኮሪደር ላይ ከሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ቆምኩ። ሁለቴ ለመመለስ ደረጃው ድረስ ወርጃለሁ። ሁለተኛው ላይ እማዬ እጄን ይዛ ስታስነሣኝ ታየችኝ። ነገ ምን ትላለች? ሰው ፊት እንዴት ትቆማለች? ግን ብሎን የምትለየዋ ልጅም ታየችኝ... ተመለስኩ።

ገምጋሚዋ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ እንዲህ አለችኝ።

"የእጁ ነገር ያኔውኑ ገብቶኛል። በየዓመቱ ነው የማየው። አምስት ነጥብ ቀንሼብሻለሁ። ስለ ልጅቷ ያልሽውን ግን አመንኩሽ። በልጅ ላይ እንዲህ ትዋሻለች ብዬ አላሰብኩም።"

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። በጽሑፍ አድርጊው ብላ ወረቀት ሰጠችኝ። ምን እንደሚከተል ቀድማ ነገረችኝ፤ ውጤቱ ይሰረዛል፣ ልምምዱም ዛሬ ይቆማል፤ በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ትምህርት ቤት እንደገና ከመጀመሪያው። ምረቃ የለም።  ሦስት ቅጂ ጻፍኩ፤ አንዱ ለርእሰ መምህሩ የሚላክ ነው። ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

ስወጣ ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። ባዶ ሆንኩ እንጂ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13

ዕቃዬን ለመውሰድ ሄድኩ። ጋሼ ለልጆቹ እንድናገር አምስት ደቂቃ ሰጡኝ። ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ሰረዝ መልሱን ታውቅ ነበር፣ እውነቱን የተናገረችውም እሷ ናት፣ እኔ ግን ውጤት ፈልጌ ዋሸሁባት አልኩ። ያን ስም ሁለተኛ እንዳትጠሯት፤ የኔ ጥፋት ነው እንጂ የሷ ስም አይደለም አልኩ።

"ጎማ ነው" ያለው ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ አሁን እርስዎን ማን ይቀጣዎታል?"

ተቀጥቻለሁ አልኩት። አላመነኝም።

ለእማዬ ነገርኳት። ቆማ ነበር፤ ተቀመጠች። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ አለች። "እኔ እኮ ተነሥቼ አመስግኜበታለሁ።"

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

እሑድ፣ ኅዳር 18

ሄድኩ። ሕፃናቱን ማስተማር እንደማልችል ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው፤ ለምን እንደሆነም ነገርኳቸው። አንዱ ለሌላው ሲያንሾካሹክ አየሁ። እማዬ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አምስት ቀን አላናገረችኝም።

ጸሎቱ አሁንም አይወጣም። ተቀምጬ ነበር ብቻ። ይሰማኛል? ዝም የምለውን ይሰማል?

ዓርብ፣ ኅዳር 23

እማዬ ዛሬ ተናገረች። "ምሳሽ ድስቱ ውስጥ ነው።" ከዚያ በሩ ጋ ቆማ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ እኛ ማጠቢያ ክፍል ሰው ጎድሏል፣ ሰኞ ከኔ ጋር ትመጫለሽ አለች። እሺ አልኩ። የበላሁት ምን እንደነበር አላስታውስም። አለቀስኩበት።

ስለ ሰረዝ ወሬ የለም። ርእሰ መምህሩ ደብዳቤውን እያየሁት ነው ይላል። እያየሁት ነው... የልጅቷ ቀን ያልፋል፣ እሱ ያያል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 1

ጠዋት የማጠቢያ ክፍል ፈረቃዬን ጨርሼ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጋሼን አገኘኋቸው፤ ልከውብኝ ነበር። በእጃቸው ጋዜጣ የለም። ሐሙስ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብተው፣ ፊርማዬን አንሥቻለሁ፣ የእኔንም ጥፋት ጻፉበት ብለው እስኪያልቅ አልነሣም አሉ። ወረቀቱ ከፋይሏ ወጣ። ይህን ሲነግሩኝ እንደተቆጡ ነው የነገሩኝ። ከዚያ ለአባትየው አንቺው ንገሪው ብለው ሄዱ።

ሄድኩ። ሰዓት ሠሪው ሰማኝ፣ ራሱን ነቀነቀ። አመሰግናለሁ አላለኝም፤ ምን አድርጌ ይበለኝ። ሰኞ እወስዳታለሁ አለ። ከዚያ ማጉያውን ዓይኑ ላይ መልሶ አንድ ሰዓት ከፈተ። ሂጂ ግን አላለኝም።

ሰረዝ በርጩማዋ ላይ ነበረች። አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር። ሁሉም ጠፋኝ። ዋሽቼብሻለሁ፣ "እኩል ናቸው" ስትይ ሰምቼሻለሁ፣ ሰምቼ ዝም አልኩ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ብሎኖቿን መለየቷን ቀጠለች። አንዱን አንሥታ በብርሃኑ አየችው፣ የት እንደሚገባ አሰበች። ጠበቅኩ። እስክትጨርስ ጠበቅኩ። ሰሌዳ ፊት ቆሜ አንድም ቀን ያን ያህል ጠብቄያት አላውቅም።

"ሰኞ እርስዎም ይመጣሉ?" አለችኝ መጨረሻ ላይ።

አልመጣም አልኳት።

"ለምን?"

"ወደቅኩ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ እደግማለሁ።"

አሁን ቀና ብላ አየችኝ። የተሰነጣጠቁ ጣቶቼንም አየች። ብሎኑን ቆርቆሮው ውስጥ ጣለችው።

"እኔም ሁለተኛ ክፍል ደግሜያለሁ" አለችኝ። "የመጀመሪያው ቀን ነው የሚያሳፍረው። ሁሉም ያይዎታል። ከዚያ አይ፣ ይረሱታል።"

ትንሽ ጠጋ ብላ ከበርጩማዋ ግማሹን ለቀቀችልኝ።